ኤሊዋ አልበላ ስትል፦ ከሰው ቤት የተረፈችን ኤሊ በጎንደር ብርድ ማቆያ መመሪያ

ሰኔ ከገባ ጀምሮ ስልኬ አንድ ጥያቄ ነው የሚያመጣልኝ። «ኤሊዋ አልበላ አለች፣ ምን ልስጣት?» አንዱ ቲማቲም ሞክሯል። ሌላው እንጀራ በሽሮ። አንዲት እናት ብስኩት በወተት አርሳ አቅርባላት ነበር። ሁሉም ከልባቸው ነው ያደረጉት። የእኔ መልስ ግን ሁሌም ያው ነው፦ ምግቡን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ አሙቋት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤሊ እንደ እኛ የራሷን ሙቀት አታመነጭም። አየሩ ሲቀዘቅዝ ደሟ ይቀዘቅዛል፣ ሆዷም ሥራ ያቆማል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እኔ ዘንድ የሚደርሱት ኤሊዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከቆላ በመኪና ተጭነው፣ ለልጆች መጫወቻ ተብለው የመጡ ናቸው። የሐምሌ ጭጋግና ዝናብ ለእነሱ እንግዳ ነው። «ክረምት ስለሆነ ተኝታ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉ። በረዶ በሚጥልበት አገር ቅዝቃዜውን ተኝተው የሚያሳልፉ ኤሊዎች አሉ። የእኛ አገር የየብስ ኤሊዎች ግን እንደዚያ አይተኙም። በብርድ ዝም ያለች ኤሊ እየታመመች ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ ሙቀት፣ ውሃ፣ ከዚያ ምግብ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማኖር አይቻልም። መንገድ ላይ ካገኛችኋት ወይም ከሰው ከተቀበላችሁ በመጀመሪያው ቀን ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአካባቢያችሁ ይህ ሥራ ለተሰጠው ቢሮ አሳውቁ። ይህ መመሪያ እስክታስረክቡ ድረስ በሕይወት እንድታቆዩዋት፣ ወይም ፈቃድ ባለው ማቆያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ክረምቱን እንድታሻግሩዋት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እሷን ሦስት እጥፍ የሚያህል ካርቶን ወይም የእንጨት ሳጥን
- ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ ሁለት ጆንያ
- የድሮው ቢጫ አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከነሽቦ መከለያው (ኤልኢዲ አይሞቅም፣ አይሆንም)
- ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አራት፣ ከአሮጌ ፎጣ ወይም ከጋቢ ቁራጭ ጋር
- ቴርሞሜትር
- ጠፍጣፋ ሳፋ (ከዚህ በኋላ ለሌላ ሥራ የማይውል)
- የወጥ ቤት ሚዛን፤ ለትልቋ የእህል ሚዛን
- ቤታዲን፣ ጎዝ፣ ጨው
- ደብተርና እስክሪብቶ

ሙሉ ባይገኝ አትጨነቁ። ሳጥን፣ ጭድ፣ ሃይላንድና ሳፋ ካላችሁ ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። ቴርሞሜትሩን ግን ፈልጋችሁ ግዙ። በእጅ ዳሰሳ ሙቀት መገመት ያሳስታል።

1. የምን ኤሊ እንደሆነች ለዩ

ቅርፊቷ እንደ ጉልላት ከፍ ያለ፣ ቢጫ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ የነብር ቆዳ የምትመስለው የየብስ ኤሊ ናት። ቅርፊቷ ቡናማ ሆኖ ጭኗ ላይ እሾህ የመሰሉ ጉጦች ካሉ፣ በጣም የምታድገውና ጉድጓድ የምትቆፍረው የየብስ ኤሊ ናት። የሁለቱም አያያዝ ከዚህ በታች እንዳለው ነው።

ቅርፊቷ ዝርግ፣ ጣቶቿ መካከል ስስ ቆዳ ያላት፣ ስትነኳት አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ የምትደብቅ ከሆነች ግን የውሃ ኤሊ ናት። ሥጋ በልም ናት። ይህ መመሪያ ለእሷ አይሆንም።

ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? ሰው ኤሊ ሲባል ውሃ ይመስለዋል። «ነፃ እናውጣት» ብለው የየብስ ኤሊን አንገረብ ወይም ቀሃ ወንዝ ውስጥ የሚለቁ አሉ። የየብስ ኤሊ አትዋኝም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ትሰጥማለች።

2. በሁለት እጅ አንሱ፣ መዝኑ፣ ለብቻ አስቀምጡ

ከግራና ከቀኝ፣ በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል ያዙና እንደቆመችበት አግድም አንሱ። አትገልብጧት። ስትደነግጥ ሽንቷን ትለቃለች። ያ ሽንት ለድርቅ ቀን ያጠራቀመችው ውሃ ነው። የተጠማች ኤሊ እሱን ካጣች ጉዳቷ ይብሳል። ስለዚህ ልጆች እየተቀባበሉ እንዳያነሷት።

ክብደቷን መዝኑና ቀኑን ጽፋችሁ አኑሩ። ሌላ ኤሊ ካላችሁ ቢያንስ ለ3 ወር አታገናኟቸው። የሳንባና የአፍንጫ በሽታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በቀላሉ ይሄዳል፣ ጤነኛ መስላ የምታስተላልፍም አለች። መጀመሪያ ነባሯን መግቡ፣ ቀጥሎ አዲሷን፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

3. አሙቋት፣ ግን ቀስ ብላችሁ

አንድ የሐምሌ ጠዋት የሰፈራችን ልጅ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ዝናቡ ካርቶኑን አበስብሶት ከታች በእጁ ደግፎታል። «ጋሼ፣ ሞታ ይሆን?» አለኝ። ኤሊዋ አንገቷ ወጥቶ ተዘርግቷል፣ ዓይኗ ተከድኗል፣ እግሯ ሲነካ ልፍስፍስ ይላል። የጭራዋን ሥር በጣቴ ጫፍ ነካሁት። በጣም በዝግታ፣ ለዓይን በሚያስቸግር ሁኔታ ጭራዋ ተሸበሸበች። በሕይወት ነበረች። ማታ ላይ ጭዱ ውስጥ ስትንኮሻኮሽ ሰማናት። ልጁ እስኪመሽ ከሳጥኑ አጠገብ አልተነሳም።

የቀዘቀዘች ኤሊ የሞተች ትመስላለች። ሳታሞቁ «ሞታለች» አትበሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጭዱን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጎዝጉዙ። ሳጥኑን ከሲሚንቶ ወለል አንሥታችሁ እንጨት ወይም ፍራሽ ላይ አድርጉት፤ ሲሚንቶ ሙቀት ይጠጣል። አምፖሉን በሳጥኑ አንድ ጫፍ ብቻ፣ ከጀርባዋ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ከአምፖሉ ሥር፣ በጀርባዋ ከፍታ፣ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። ሌላው ጫፍ 24 ወይም 25 ይሁን። አንዱ ጫፍ ብቻ የሚሞቀው ሲበዛባት ራሷ ዞር እንድትል ነው። ሁሉንም ቦታ እኩል ካሞቃችሁት መሸሻ የላትም።

ሌሊት አምፖሉን አጥፉ፤ እሷም ጨለማ ያስፈልጋታል። በምትኩ ሃይላንዱን በሙቅ ውሃ ሙሉት። የፈላ አይሁን፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። በፎጣ ጠቅልላችሁ በሳጥኑ ጎን አስቀምጡ። በየሦስት አራት ሰዓቱ ይቀየራል። ሌሊቱ ከ18 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ፤ ለታመመች ኤሊ ደግሞ ከዚያም ሞቅ ያለ ይሁን። መብራት በጠፋ ቀንም መፍትሔው ይኸው ሃይላንድ ነው፤ ስለዚህ ቴርሞስ ሙሉ ሙቅ ውሃ ሁሌ አዘጋጁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል ያለበት ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም መርዙ ይገድላል፤ እሷን ብቻ ሳይሆን እናንተንም።

ማስጠንቀቂያ፦ እሳት ዳር ወይም ምጣድ አጠገብ አታስቀምጧት። ቅርፊቷ ላይ ሲቃጠል ቶሎ አይሰማትም። ውጪው ሲቃጠል ውስጧ ገና ቀዝቃዛ ነው። ማሞቁ ሰዓታት ይውሰድ።

4. በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፏት

ሰውነቷ ከሞቀ በኋላ፣ በማግስቱም ቢሆን፣ ሳፋው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ። የሕፃን ገላ እንደምትለኩት በክርናችሁ ለኩት። ከፍታው የላይኛውና የታችኛው ቅርፊት እስከሚገናኙበት ብቻ ይሁን፣ አገጯ ከውሃው በላይ ይቆይ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዉአት። አጠገቧ ሁኑ።

አንገቷን ዘርግታ አፏን ውሃው ውስጥ ስትነክር ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ። እየጠጣች ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ትጸዳዳለች፤ ይህም ጥሩ ነው፣ አንጀቷ ተነሥቷል ማለት ነው። ከሽንቷ ጋር የሚወጣውን ነጭ ነገር እዩት። እንደ ጥርስ ሳሙና ለስላሳ ከሆነ ደህና ናት። እንደ አሸዋ ከቆረቆረ ውሃ በጣም ጎድሏታል።

ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስቴ። ከሳፋው ስትወጣ በጨርቅ አድርቋት። እርጥብ ሆና ብርድ ካገኛት ሳንባዋን ትታመማለች። ውሃውን ሽንት ቤት ድፉት፤ የወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ በፍጹም አይሁን።

5. አሁን ምግብ

ሞቃ፣ ጠጥታ፣ ዓይኗን ገልጣ ስትንቀሳቀስ ነው ምግብ የሚቀርበው። ቀዝቃዛ ሆድ ውስጥ የገባ ምግብ አይፈጭም፣ እዚያው ይበሰብሳል። አፏን ከፍታችሁ በግድ አታጉርሷት። ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ዋናው ምግቧ ሣር ነው። ከምትበላው አምስት እጅ አራቱ ሣርና ድርቆሽ ይሁን። ሰርዶ በጣም ትወዳለች፣ ጎርጠብም እንዲሁ። ሁለቱም በጎንደር ግቢ ሁሉ አሉ። ፀረ አረም ከተረጨበት ወይም መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር አትጨዱ። ልኩ የጀርባዋን ያህል ክምር ነው፣ ጠዋት ከሞቀች በኋላ።

የበለስ ቅጠልም ይሆናል፤ ያ ዝርጉን፣ እሾሃሙን ማለቴ ነው። እሾሁን በእሳት ለብልቡና ቆራርጣችሁ ስጡ። ውሃም ካልሲየምም አለው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። «ቁልቋል ትበላለች» ሲባል የሰሙ ሰዎች ያንን ዛፍ የሚያህለውን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን የአጥር ቁልቋል ይሰጧታል። ያ ወተት አፍና ዓይን ያቃጥላል፣ ሆድም ይጎዳል። ወተት የሚወጣውን አትስጡ።

ጎመንና ቆስጣ በሳምንት አንዴ፣ ጥቂት። ቆስጣ ሲበዛ ካልሲየሟን ይይዝባታል። ሰላጣ ውሃ ብቻ ነው፣ አይመግባትም። ሙዝና ቲማቲም ተቅማጥ ያስይዟታል።

ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ወተት፣ ብስኩት፦ አንዳቸውም አይሆኑም። ገንቢ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የእሷ ሆድ ግን የተሠራው ጥሬ ሣር ቀስ ብሎ ለመፍጨት ነው። ፕሮቲን ሲበዛባት ኩላሊቷ ይጎዳል። አቮካዶም አትስጡ።

ግቢያችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። አጠፋሪስ፣ ጉሎ፣ እንዶድ ወይም የወፍ ቆሎ ከበቀለ እሷ በምትደርስበት ቦታ አይኑር። መርዛማ ናቸው።

ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት አሥር ደቂቃ ቀቅሉ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ በሙቀጫ ዱቄት እስኪሆን ውቀጡ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሣሩ ላይ አንድ ቁንጥር ነስንሱ። ካልሲየም ያጣች ኤሊ ቅርፊቷ እንደ ረጠበ ካርቶን ይለሰልሳል።

6. ፀሐይ ስትወጣ አውጧት

ካልሲየሙ ብቻውን አይበቃም። ሰውነቷ እንዲጠቀምበት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋታል፤ እሱን የምታገኘው ደግሞ ቆዳዋ ላይ በቀጥታ ከሚያርፍ ፀሐይ ነው። በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ለዚህ አይጠቅምም። መስታወቱ የሚያስፈልጋትን ጨረር ያስቀረዋል። ብዙ ሰው «ፀሐይ ታገኛለች» የሚለኝ በረንዳ መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ነው።

በክረምት ሰማዩ በተገለጠ ቀን፣ መሬቱ ከደረቀ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው አውጧት። ደመና ሲመጣ አስገቧት። ግማሹ ቦታ የግድ ጥላ ይኑረው። ሳፋ ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አትተዉአት፤ በደቂቃዎች ውስጥ በሙቀት ልትሞት ትችላለች።

አጥሩ አሳልፎ የማያሳይ ይሁን፤ ብሎኬት፣ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ። ባሻገር የሚታያት ከሆነ ቀኑን ሙሉ አጥሩን ስትገፋ አፍንጫዋን ትቆስላለች። ቁመቱ የርዝመቷ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ጭኗ ላይ ጉጥ ያላት ቆፋሪዋ ከሆነች አጥሩ 30 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይግባ። ወንዶች ሁለት ከሆኑ ለዩአቸው። ይገፋፋሉ፣ አንዱ ሌላውን ይገለብጠዋል። ፀሐይ ላይ በጀርባው የቀረ ኤሊ ይሞታል። ወንዱን የምታውቁት ሆዱ ሥር ያለው ቅርፊት ወደ ውስጥ ስርጉድ በማለቱና በጭራው ርዝመት ነው።

ውሻ ካለ ብቻዋን አትተዉአት። ሌሊት ሁሌም ቤት ትግባ። ጅቡ ሰፈር ውስጥ እንደሚዞር ለጎንደር ሰው አልነግረውም።

7. ቅርፊቷን እዩ፣ ቁስሉን አጽዱ

«ድንጋይ ለብሳ ድንጋይ ጎርሳ» ይባላል። የለበሰችው ግን ድንጋይ አይደለም፣ አጥንት ነው። ሕይወት አለው፣ ሲነካ ይሰማታል። አንዲቷ ወደ እኔ ስትመጣ የቅርፊቷ ጠርዝ ተበስቶ ሽቦ ገብቶበት ነበር። እንዳትጠፋ ብለው ነው ያሰሯት። ቀዳዳው ዙሪያ ቀልቷል፣ መግል ይዟል። ሽቦውን ሳወጣ አራቱንም እግሯን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። ጥፍርን ሥሩ ድረስ መብሳት ማለት ነው። አትብሱ፣ አትሰሩ፣ ቀለም አትቀቡ፣ ቅቤም አታድርጉ።

የተሰነጠቀ ወይም የተበሳ ካለ፦ አንድ ሊትር ውሃ አፍሉ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ጨምሩ፣ ሲበርድ በዚያ እጠቡ። ቤታዲኑን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኑትና ቀቡ። በጎዝ ሸፍኑ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት። ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም። በሱፐር ግሉ ወይም በሲሚንቶ አትድፈኑት። ጀርሙን ከውስጥ ነው የምትዘጉበት።

መዥገር ካለባት በወረንጦ ከሥሩ ይዛችሁ ንቀሉ።

ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ለከብትና ለበግ የሚወጋው አይቨርሜክቲን ለኤሊ ገዳይ ነው። ትንሽ መጠኑም ሽባ ያደርጋታል፣ ይገድላታል። ሐኪሙ ከብት በማከም የታወቀ ቢሆንም «ለኤሊ ነው፣ አይቨርሜክቲን አይሆንም» ብላችሁ በአንደበታችሁ ተናገሩ። አታፍሩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው እዚያ መጠየቅ ትችላላችሁ።

8. ቶሎ ሐኪም የሚያስፈልጋት መቼ ነው?

- አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ወይም ስታፏጭ፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ሲወጣ
- ዓይኗ አብጦ ሳይገለጥ ሲቀር
- ቅርፊቷ በአውራ ጣት ሲጫኑት ሲለሰልስ (ገና ጫጩት ካልሆነች)
- በሳምንት ውስጥ ከክብደቷ ከአሥር እጅ አንዱን ስትቀንስ
- በትክክለኛው ሙቀት አንድ ሳምንት ቆይታም ካልበላች

ስለ እናንተም

ኤሊና ሌሎች ተሳቢዎች ጤነኛም ሆነው ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ ይይዛሉ። ነክታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ሰው ባይነካት ይመረጣል። ወጥ ቤት ውስጥ አትልቀቋት።

ኤሊ ያልሆነ እንግዳ ከመጣ

እስስት መርዝ የላትም። ቤት ውስጥ ብዙ አትቆይም፣ ስለዚህ አታስሯት፤ ያገኛችሁበት አካባቢ ቁጥቋጦ ላይ መልሷት። የተጠማች ከመሰለች ቅጠሉ ላይ ውሃ ርጩ፤ ከጠብታ ነው የምትጠጣው። አርጃኖ ይነክሳል፣ በጭራው ይገርፋል፤ ራቁትና ለቢሮው ደውሉ። እባብ ከሆነ ልጆቹን አርቁ፣ በሩን ዝጉ፣ ለመያዝም ለመግደልም አትሞክሩ።

9. ስታስረክቡ

ስላዘናችሁላት ብቻ ጫካ አትልቀቋት። ከየት እንደመጣች አይታወቅም፣ ያልነበረ በሽታ ለዱሮቹ ልታደርስ ትችላለች፣ የጎንደር ዙሪያ ደጋም ለቆላ ኤሊ አይሆንም። ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው። ከሰው እጅ ለተወሰዱ የዱር እንስሳት ሆለታ አጠገብ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል ማዕከል አለ።

ለጉዞው አየር የሚገባበት ካርቶን፣ ጭድ፣ በጎኑም በፎጣ የተጠቀለለ ሃይላንድ። ከመነሣቷ በፊት ባለው ቀን ዘፍዝፏት፣ በጉዞው ቀን አትመግቧት። ደብተሩን አብራችሁ ስጡ፦ የመጣችበት ቀን፣ የየሳምንቱ ክብደት፣ የበላችው፣ የተደረገላት መድኃኒት። የሚቀበላት ሰው ከካርቶኑ አውጥቶ ሲያስቀምጣት ዝም ነው የምትለው፤ እስካሁን ያሳለፈችውን የሚያነበው ከዚያ ደብተር ነው።